ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎምብ፦ የለካውን ቁጥር ያልለወጠ የመንግሥት መሐንዲስ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የኩሎምብ ሕግ የሚለውን ስያሜ ያስታውሳል። ሕጉ የኤሌክትሪክ ሙል ወይም ቻርጅ የያዙ ሁለት አካላት ምን ያህል እንደሚሳሳቡ ወይም እንደሚገፋፉ ለማስላት ያገለግላል። ስሙ ለሕጉ መጠሪያ የሆነው ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎምብ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በቤተ ሙከራ ውስጥ አልነበረም። በምሽግ ግንባታ፣ በወደብና በቦይ ጥናት፣ በከተማ ውኃ አቅርቦትና በትምህርት ቁጥጥር የተሰማራ የመንግሥት ባለሙያ እንደነበር የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ኩሎምብ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1736 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው አንጉሌም ከተማ ነው። አባቱ የንጉሡን ይዞታዎች የሚቆጣጠር የመንግሥት ሹም ሲሆን እናቱ ደግሞ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተገኘች ነበረች። ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ከተዛወረ በኋላ ልጁ በታዋቂው የማዛረን ኮሌጅ ገብቶ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ፍቅር አደረበት። ይሁንና አባቱ ገንዘቡን አዋጪ ባልሆነ ንግድ ላይ አውሎ ከሰረና ወደ ሞንፔሊዬ ከተማ ሄደ። እናቱ በፓሪስ ብትቀርም ልጅዋ ሒሳብን ሙያው ለማድረግ መወሰኑን ባለመውደዷ ከእርሱ ጋር ተቃቃረች። ወጣቱም አባቱን ተከትሎ ወደ ሞንፔሊዬ በመሄድ በ1757 የከተማዋ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ።

ሀብት የሌለው የሒሳብ ሰው በዚያ ዘመን እንጀራ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ የጦር መሐንዲስነት ነበር። ኩሎምብም የመግቢያ ፈተናውን አልፎ በ1760 በሜዚየር በሚገኘው የምህንድስና ትምህርት ቤት ገባና በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ በመቶ አለቃነት ተመረቀ። በዚህ ትምህርት ቤት ከሒሳብ መምህሩ ከሻርል ቦሱ ጋር የተዋወቀ ሲሆን፣ እድሜ ልኩን የዘለቀው ከዣን ሻርል ደ ቦርዳ ጋር ያለው ወዳጅነትም ከዚያው ዘመን የሚጀምር ነው።

መጀመሪያ የተመደበው በብሬስት ወደብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1764 በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው የማርቲኒክ ደሴት እንዲሄድ ታዘዘ። ደሴቲቱን እንግሊዞች በ1762 ይዘዋት የነበረ ሲሆን በ1763 የፓሪስ ውል ለፈረንሳይ ተመልሳለች። ሁኔታው እንዳይደገም የፈረንሳይ መንግሥት ቡርቦን የተባለ ታላቅ ምሽግ ለመሥራት ወሰነ። የሥራው ኃላፊነት በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል መጨረሻ ላይ በነበረው ኩሎምብ ትከሻ ላይ ወደቀ። ግንባታው ስድስት ሚሊዮን ሊቭር የወጣበትና እስከ 1772 የቆየ ነበር። ሙቀቱና የሐሩር በሽታው ከባድ በመሆኑ ኩሎምብ ራሱ በተደጋጋሚ ታሞ ለሞት የሚያበቃ አደጋ ላይ ወድቋል። ጤንነቱም ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ማርቲኒክ ጤናውን ብትጎዳውም ሙያዊ ስልቱን አስተማረችው። በየዕለቱ ይገጥሙት የነበሩት ጥያቄዎች ተጨባጭ ነበሩ። የአፈር ግፊት የሚይዘው ግንብ ምን ያህል መወፈር አለበት? አንድ ዓምድ በምን ያህል ሸክም ይሰበራል? የቅስት መሠረት የሚናደው መቼ ነው? ከእርሱ በፊት የነበሩ አብዛኞቹ ገንቢዎች እነዚህን ጥያቄዎች በልምድ ይመልሱ የነበረ ሲሆን ኩሎምብ ግን በስሌት ሊመልሳቸው ተነሣ። ወደ ሀገሩ ሲመለስም ውጤቱን በ1773 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ጽሑፉ በ1776 የታተመ ሲሆን ስለ አፈር ግፊት ያቀረበው ስሌት እስከ ዛሬ ድረስ በመሠረት ምህንድስና ትምህርት ውስጥ ስሙን ይዞ ይገኛል።

በ1776 ስለ ጦር መሐንዲሶች አገልግሎት ለመንግሥት ያቀረበው የጽሑፍ ሐሳብም ከዚሁ አቋሙ የመነጨ ነበር። በሰላም ጊዜ የመሐንዲሶቹ እውቀት ለሕዝብ ግንባታዎች እንዲውልና ሹመትና እድገት በችሎታ ላይ እንዲመሠረት የሚጠይቅ ነው። ከፈረንሳይ አብዮት አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሹመት በዘር ሐረግ በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ የቀረበ ሐሳብ በመሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው።

የኩሎምብ ስም በሳይንስ ዓለም መግነን የጀመረው አካዳሚው ባዘጋጃቸው ውድድሮች ነበር። በ1777 የመርከብ ኮምፓስን ለማሻሻል በተደረገው ውድድር የኔዘርላንድስ ተወላጅ ከሆነው ከቫን ስዊንደን ጋር ሽልማቱን ተካፈለ። የኩሎምብ ሐሳብ የማግኔቱን መርፌ በሹል ምሰሶ ጫፍ ከማስቀመጥ ይልቅ በቀጭን ክር ማንጠልጠል ሲሆን ይህም ሰበቃን ያስቀራል። በ1779 በሮሽፎር የመርከብ መሥሪያ በተመደበበት ጊዜ ደግሞ የእንጨት፣ የብረትና የገመድ ሰበቃን በከባድ ሸክሞች ሳይቀር ሞከረ። ሰበቃ በአብዛኛው ከሸክሙ ክብደት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን፣ የቆመን ነገር ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይልም የሚንቀሳቀሰውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው እንደሚበልጥ አሳየ። ይህ ጥናት የ1781ን ታላቅ ሽልማት ያስገኘለት ሲሆን በዚያው ዓመት መጨረሻ የአካዳሚው አባል ሆኖ በመመረጥ ኑሮውን በፓሪስ አደረገ።

በዚህ የክብር ዘመን ነበር ከባዱ የሥራ ፈተና የመጣው። በ1783 በምዕራብ ፈረንሳይ በብሪታኒ ክፍለ ሀገር የመርከብ ቦዮችን ለመቆፈርና ወደቦችን ለማሻሻል ታላቅ ዕቅድ ቀርቦ ነበር። ዕቅዱ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትና በታላላቅ ሰዎች ዘንድ ብርቱ ድጋፍ ነበረው። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን ሲልክ ኩሎምብን አባል አደረገው። ኩሎምብም ቦታውን አይቶ ወጪውን ከጥቅሙ ጋር ካመዛዘነ በኋላ ዕቅዱ በቀረበበት መልኩ የሚያስገኘው ጥቅም የሚጠይቀውን ከፍተኛ ገንዘብ እንደማይመልስ በሪፖርቱ ገለጸ።

ሪፖርቱ በዕቅዱ ደጋፊዎች ዘንድ ቁጣን ቀሰቀሰ። በስሌቱ ላይ ስሕተት ያገኘበት ግን አልነበረም። ይልቁንም ወደ ብሪታኒ የሄደው ያለ ጦር ሚኒስትሩ ፈቃድ ነው የሚል የአሠራር ጥሰት ተመዘዘበትና በፓሪስ በሚገኘው የአቤይ ወኅኒ ቤት ለአንድ ሳምንት ታሰረ። ኩሎምብ ከሥራው ለመልቀቅ ያቀረበው ጥያቄም ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እንደገናም ጉዳዩን እንዲያጠና ወደ ብሪታኒ ተላከ። ሁለተኛው ሪፖርት ከመጀመሪያው የተለየ አልነበረም። መሬቱ አልተለወጠም፣ ወጪውም አልቀነሰም፣ ስለዚህ ውጤቱ የሚለወጥበት ምክንያት አልነበረም።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት የብሪታኒ ሹማምንት ቆይተው እውነቱን በመረዳታቸው ከፍተኛ ካሣ ሊሰጡት ወደዱ። ኩሎምብ ገንዘቡን አልተቀበለም። የተቀበለው የክፍለ ሀገሩ ዓርማ የተቀረጸበትንና ሰከንድ የሚቆጥር አንድ ጥሩ ሰዓት ብቻ ሲሆን ይህም ሰዓት በኋላ ለሳይንሳዊ ሙከራዎቹ አገልግሎታል።

በ1784 የንጉሡ የውኃና የምንጮች አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። የፓሪስ ከተማ የውኃ አቅርቦት ከፊል ኃላፊነትም በእርሱ ሥር ሆነ። በዚያው ዓመት ስለ ቀጫጭን ሽቦዎች መጠምዘዝ ያደረገውን ጥናት አቀረበ። ጥናቱ ከኮምፓሱ ሥራ የቀጠለ ነበር። መርፌን በክር ያንጠለጠለ ሰው ክሩ ሲጠመዘዝ የሚያሳየውን ተቃውሞ ማወቅ ይኖርበታልና። ኩሎምብ የሽቦው ተቃውሞ ከተጠመዘዘበት ማዕዘን ጋር እኩል እንደሚያድግ አረጋገጠ። ማዕዘኑ እጥፍ ቢሆን ተቃውሞውም እጥፍ ይሆናል። ይህ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ሽቦ እጅግ ጥቃቅን ኃይሎችን የሚመዝን ሚዛን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በ1785 ለአካዳሚው ያቀረበው የጥምዘዛ ሚዛን በዚህ መርህ የተሠራ ነው። መሣሪያው ስፋቱም ከፍታውም 12 ኢንች የሆነ የመስተዋት በርሜል ሲሆን በክዳኑ ላይ 24 ኢንች ርዝመት ያለው የመስተዋት ቱቦ ቆሟል። ከቱቦው ጫፍ እጅግ የቀጠነ የብር ሽቦ ወደ ታች ይወርድና ቀላል ዘንግ ያንጠለጥላል። በዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ከተክል ግንድ ውስጥ ከሚገኝ ቀላልና ለስላሳ ነገር የተሠራች ትንሽ ኳስ አለች። ሌላ ተመሳሳይ ኳስ ደግሞ ከአጠገቧ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች። ሁለቱ ኳሶች ተነካክተው ሳለ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው እኩል ይካፈሉና ይገፋፋሉ። ተንጠልጣይዋ ኳስ ሽቦውን እየጠመዘዘች ትሸሻለች። የምትቆመው የሽቦው ተቃውሞ ከሚገፋት ኃይል ጋር እኩል በሚሆንበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያው ንባብ ኳሶቹ በ36 ዲግሪ ተራርቀው ቆሙ። የሽቦው ጥምዘዛም ያው 36 ዲግሪ ነበር። ቀጥሎ ኩሎምብ የሽቦውን የላይኛውን ጫፍ በ126 ዲግሪ በማዞር ኳሶቹን ሲያቀራርባቸው ርቀቱ 18 ዲግሪ ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ የሽቦው ጠቅላላ ጥምዘዛ 144 ዲግሪ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ከ36 ወደ 144፣ ማለትም አራት እጥፍ አደገ። በሦስተኛው ንባብ ጫፉን እስከ 567 ዲግሪ ሲያዞረው ርቀቱ ወደ 8 ዲግሪ ተኩል ዝቅ አለ። ጠቅላላው 575 ተኩል ሲሆን ይህም የ144 አራት እጥፍ ከሆነው ከ576 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ርቀቱ በትክክል 9 ዲግሪ ሊሆን ሲገባ ግማሽ ዲግሪ መጉደሉን ግን ኩሎምብ አልደበቀም። ቁጥሩን እንዳለ አሳትሞ የልዩነቱን መነሻ አብራራ።

የሚሳሳቡ ሙሎችን በዚህ ሚዛን መለካት አስቸጋሪ ነበር፤ ኳሶቹ እየተሳቡ ይጋጫሉና። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገ። በሐር ክር የተንጠለጠለች አነስተኛ መርፌ ተቃራኒ ሙል ከያዘ ትልቅ ሉል ፊት ለፊት እንድትወዛወዝ አደረገ። ስበቱ ሲበረታ ውዝዋዜው ይፈጥናል፣ ሲደክምም ይዘገያል። ከሉሉ መሀል በ9፣ በ18 እና በ24 ኢንች ርቀት መርፌዋ 15 ጊዜ ለመወዛወዝ 20፣ 41 እና 60 ሰከንድ ወሰደባት። ስሌቱ የሚጠብቀው 20፣ 40 እና 54 ነበር። የመጨረሻው ልዩነት የሚናቅ አይደለም። ኩሎምብ ግን 60ውን ወደ 54 አላስጠጋም። ሙከራው አራት ደቂቃ ያህል መውሰዱንና በዚያን ቀን ሙሉ በየደቂቃው አንድ አርባኛ ያህሉ ወደ አየር ይባክን እንደነበር ለክቶ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ መሆኑን አሳየ። የሚባክነውንም ሙል ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ አድርጎ በቀጣዩ ጽሑፉ መረመረው።

ከእነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ሕግ ሁለት ሐሳቦችን የያዘ ነው። በሁለት ትናንሽ ሙል ያዥ አካላት መካከል ያለው ኃይል ከሁለቱ ሙሎች ብዜት ጋር በቀጥታ፣ በመካከላቸው ካለው ርቀት ስኩዌር ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ። ዛሬ ስሌቱ ሲሠራ ሁለቱ ሙሎች በኩሎምብ አሃድ ተገልጸው ይባዛሉ፤ ብዜቱ በሜትር ለተለካው ርቀት ስኩዌር ይካፈላል፤ የተገኘውም በ9 ቢሊዮን ገደማ ይባዛል። መልሱ ኒውተን በተባለው የኃይል አሃድ ይገኛል።

ለአብነት እያንዳንዳቸው የኩሎምብ አንድ ሚሊዮንኛ ሙል የያዙ ሁለት ኳሶች በ10 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ በመካከላቸው ያለው ኃይል 0.9 ኒውተን ይሆናል። ይህም 90 ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ እጅ ላይ ከሚያሳርፈው ክብደት ጋር ይቀራረባል። ርቀቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ ኃይሉ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 0.225 ኒውተን ይወርዳል። እያንዳንዳቸው ሙሉ አንድ ኩሎምብ የያዙ ሁለት አካላት በአንድ ሜትር ርቀት ቢቀመጡ ግን ኃይሉ 9 ቢሊዮን ኒውተን፣ ከ900 ሺህ ቶን በላይ የሚመዝን ሸክም ያህል ይሆን ነበር። ስለሆነም ይህን ያህል ሙል በአንድ ትንሽ አካል ላይ አከማችቶ ማቆየት የሚሞከር አይደለም።

ሐሳቡ ከኩሎምብ በፊት ጨርሶ ያልታሰበ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 ሕጉ ከስበት ሕግ ጋር ሊመሳሰል እንደሚችል ጠቁሟል። ሄንሪ ካቨንዲሽም በ1770ዎቹ መጀመሪያ በረቀቀ ሙከራ ደርሶበት ነበር። ሆኖም ካቨንዲሽ ውጤቱን ሳያሳትም በመቅረቱ ሥራው ለዓለም የታወቀው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1879 ካሳተመው በኋላ ነው። ኩሎምብ ግን መሣሪያውን፣ አሠራሩንና ቁጥሮቹን ማንም ሊመረምራቸው በሚችል መልኩ አቀረበ። እስከ 1791 ድረስም ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት በጠቅላላው ሰባት ጽሑፎችን ለአካዳሚው አበረከተ። የሙከራው ቁጥሮች በእኛ ዘመንም ተፈትነዋል። በ1990ዎቹ መሣሪያውን መልሰው የሠሩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ቢያዳግታቸውም በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ኩሎምብ ካሰፈራቸው ቁጥሮች ጋር የሚቀራረቡ ውጤቶችን ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል።

ሳይንሳዊ ሥራው የመንግሥት ኃላፊነቱን አላስተጓጎለም። በ1787 የፓሪስን ሆስፒታሎች ለማሻሻል በተያዘው ጥናት ከሐኪሙ ከዣክ ተኖን ጋር ወደ እንግሊዝ ተልኮ የለንደን ሆስፒታሎችን አሠራር ተመለከተ። በአካዳሚው አባልነቱ ዘመን ሁሉ ስለ ማሽኖች፣ ስለ ቦዮችና ስለ ልዩ ልዩ የፈጠራ ሥራዎች ከ300 በላይ የኮሚቴ ሪፖርቶች በማዘጋጀት ተሳትፏል።

በ1789 የተነሣው የፈረንሳይ አብዮት የኖረበትን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። ኩሎምብ በ1791 ከጦር መሐንዲስነቱ በጡረታ ተገለለ። በኦገስት 1793 አካዳሚው ራሱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ ኩሎምብ፣ ላቮዋዚዬ፣ ላፕላስና ቦርዳ ከአዲሱ የመለኪያና የሚዛን ኮሚሽን እንዲወጡ ተደረገ። ላቮዋዚዬ በሜይ 1794 በሞት ሲቀጣ ኩሎምብ ከቦርዳ ጋር በብሎዋ ከተማ አቅራቢያ ባለው የገጠር ቤቱ ተጠልሎ ነበር። የፖለቲካው ማዕበል ጋብ ሲል በ1795 መጨረሻ በአካዳሚው ፈንታ በተቋቋመው የፈረንሳይ ብሔራዊ ተቋም አባል ሆኖ ተመረጠ።

በዚህ በመጨረሻው ዘመኑ ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ሰው ጉልበት የሚመለከት ነው። በ1798 ባነበበው ጽሑፍ አንድ የጉልበት ሠራተኛ ጤንነቱን ሳይጎዳ በቀን ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል መረመረ። ሸክሙን ማብዛት ሁልጊዜ ውጤቱን እንደማያበዛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራም ከሁሉ የሚሻል ልክ እንዳለው አመለከተ። በማርቲኒክ ሙቀት የታዘበውንም በማንሣት በቀዝቃዛ አየር የሚሠራውን ያህል ከሐሩር ሠራተኛ መጠበቅ ስሕተት መሆኑን አስገነዘበ።

ከ1802 ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ ተሾመ። ሊሴ የተባሉት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየከተማው ሲመሠረቱ ሥራውን ለመከታተል ከከተማ ከተማ ተዘዋወረ። በዚያው ዓመት የሁለት ልጆቹን እናት ሉዊዝ ፍራንስዋዝን በሕግ አገባ። ከማርቲኒክ ጀምሮ የተዳከመው ጤንነቱ ግን ብዙ አልቆየለትም። ኩሎምብ ኦገስት 23 ቀን 1806 በተወለደ በ70 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። እስከ ዕለተ ሞቱም በኢንስፔክተርነት ኃላፊነቱ ላይ ነበር።

በ1881 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ አሃድ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። በ1889 በተመረቀው የኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት የ72 ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ስሞች አንዱ የእርሱ ነው። ከ2019 ጀምሮም አሃዱ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር፣ በአንድ ኤሌክትሮን ሙል መጠን ላይ ተመሥርቶ እንደገና ተተርጉሟል።

ቡርቦን ምሽግ በጊዜው የተሠራለት ጦርነት አብቅቷል፣ ያገለገለው ንጉሣዊ ሥርዓትም ተለውጧል። ለአንድ ሳምንት ያሳሰረው ሪፖርትና በ1785 ለአካዳሚው ያቀረባቸው ቁጥሮች ግን ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። በሁለቱም ቦታ መሐንዲሱ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ለካ፣ ያገኘውን ጻፈ፣ የጻፈውንም እንዲለውጥ ሲጠየቅ እንደገና ለክቶ ያንኑ ጻፈ።